ስሌቱ 3 አለ፣ ላቦራቶሪው 1.4፦ ዳዮክሲን ከመኖ ወደ ወተት ሲያልፍ

ዳዮክሲን ክሎሪን የያዙና በስብ ውስጥ የሚጠራቀሙ መርዛማ ኬሚካሎች የጋራ መጠሪያ ነው። የጠያቂያችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ለወተት ላሞች በሚቀርብ የተቀነባበረ መኖ ውስጥ በኪሎ 2 ናኖግራም (ናኖግራም የግራም ቢሊዮንኛ ነው) ዳዮክሲን ተገኘ፤ ቁጥሩ በመርዛማነት አቻ (ቲኢኪው) የተሰላ ነው። እያንዳንዷ ላም ከዚህ መኖ በቀን 5 ኪሎ ትበላለች፣ 4 በመቶ ቅባት ያለው 25 ኪሎ ወተት ትሰጣለች። ከጥናት ጽሑፎች ያገኘሁትን 30 በመቶ የመተላለፍ ምጣኔ (ከተበላው ወደ ወተት የሚያልፈውን ድርሻ) ተጠቅሜ ሳሰላ፣ ወተቱ በአንድ ግራም ቅባት 3 ፒኮግራም (የናኖግራም ሺኛ) መያዝ ነበረበት። መኖው በተጀመረ በ10ኛው ቀን የተወሰደው ናሙና ግን 1.4 ብቻ ሆነ። ሞዴሉ አጋንኗል ማለት ነው? የላሟን አካል በዝርዝር የሚያሳይ ትልቅ ሞዴል ልሥራ?»

ሞዴሉ አጋንኗል፣ ላቦራቶሪውም ተሳስቷል የሚያሰኝ ነገር አላየሁም። ሁለቱ የሚናገሩት ስለተለያዩ ቀናት ነው። የእርስዎ 3 ላሟ ይህንኑ መኖ ለወራት ሳታቋርጥ ብትበላ የሚደረስበት ቁጥር ነው፤ 1.4ቱ ደግሞ ገና የ10ኛው ቀን። ስለዚህ «ከተገመተው በታች ነው፣ እንቀጥል» ማለት ትልቅ ስህተት ነው፤ ቁጥሩ ገና ይጨምራል። ደግሞም በአውሮፓ ኅብረት ደንብ 12 በመቶ እርጥበት ላለው የተቀነባበረ መኖ የተፈቀደው የዳዮክሲን መጠን በኪሎ 0.75 ናኖግራም ነው፤ የእርስዎ መኖ ከዚህ ከእጥፍ በላይ ነው። መኖው ዛሬም እየቀረበ ከሆነ ንባቡን እዚህ አቋርጠው መጀመሪያ ያስቁሙት። ሒሳቡ ይደርሳል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። 5 ኪሎ በ2 ናኖግራም ሲባዛ በቀን 10 ናኖግራም ይገባል። 25 ኪሎ ወተት በ4 በመቶ 1 ኪሎ ቅባት ነው። ከ10ሩ ናኖግራም 30 በመቶው፣ ማለትም 3 ናኖግራም፣ በ1 ኪሎ ቅባት ላይ ሲከፋፈል በግራም 3 ፒኮግራም ይሆናል። እስከዚህ እንከን የለውም። ችግሩ ያለው «30 በመቶ» በሚለው ቁጥር ውስጥ ነው። ይህ ምጣኔ የሚገልጸው የገባውና የወጣው ከተመጣጠነ በኋላ ያለውን ሁኔታ ነው። ያኔ ከቀን ቅበላው 30 በመቶው በወተት ይወጣል፤ ቀሪው 70 በመቶ ከፊሉ ከአንጀት ሳይመጠጥ በእበት ይሄዳል፣ ከፊሉን ጉበት ይሰባብረዋል። ሚዛኑ እስኪደርስ ድረስ ግን አራተኛ መሄጃ አለ፤ እሱም የላሟ የራሷ ስብ ነው። የምትታለብ ላም በሰውነቷ ውስጥ በብዙ አሥር ኪሎዎች የሚቆጠር ስብ ይዛ በወተቷ የምታወጣው በቀን አንድ ኪሎ ገደማ ቅባት ነው። ጎተራው ባዶ ሆኖ ሲጀመር ከየቀኑ ገቢ ትልቅ ድርሻ ወደ ጎተራው ይገባል፣ ወተቱም ለጊዜው ንጹሕ ይመስላል።

ለዚህ ነው ባለሙያዎች ቢያንስ ባለ ሁለት ክፍል ሞዴል የሚመርጡት። አንደኛው ክፍል ደሙንና ደም በብዛት የሚደርስባቸውን አካላት ይወክላል፤ በቀናት ውስጥ ይሞላል፣ በቀናት ውስጥ ይጎድላል። ሁለተኛው ስቡ ነው፤ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ቀስ ብሎ ይለቃል። በምትታለብ ላም የዘገየው ክፍል ግማሽ ዕድሜ (ያለው መጠን በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) ለጠንካሮቹ ዳዮክሲኖች ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ቀናት አካባቢ ነው። ለማሳያ ያህል ፈጣኑን 4 ቀን፣ ዘገምተኛውን 50 ቀን እናድርግ፤ ከመጨረሻው መጠን እኩሌታውን አንዱ፣ እኩሌታውን ሌላው ያምጣ። በ10ኛው ቀን ወተቱ ከመጨረሻው መጠን 48 በመቶ ገደማ ላይ ነው፤ ከ3ቱ ይህ 1.4 ፒኮግራም ነው። በ30ኛው ቀን 2.0፣ በ60ኛው 2.3 ገደማ፣ በ100ኛው 2.6፣ በ200ኛው ቀን 2.9።

ቁጥሩ ከእርስዎ ናሙና ጋር ልክ ገጠመ ብለው ግን አይደሰቱ። የማሳያ ቁጥሮቹን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ በአንዲት ነጥብ ላይ እንዲያልፍ ማድረግ የማይቻል መስመር የለም። ግማሽ ዕድሜዎቹን ቀይሬ፣ ድርሻውን አስተካክዬ፣ የመጨረሻውን መጠን 2.2 ወይም 4 አድርጌም በዚያችው 1.4 ላይ ማሳለፍ እችላለሁ። ናሙናው የሚያረጋግጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሌትዎ ከእውነታው ጋር አይጋጭም።

ያለፈው ታሪክ መኖው ከቆመ በኋላም ይከተላል። ሁለት ላሞች ያስቡ፤ አንዷ ይህን መኖ ለ30 ቀን፣ ሌላዋ ለ300 ቀን በልታለች። በማቆሚያው ዕለት የመጀመሪያዋ ወተት 2.0፣ የሁለተኛዋ 3.0 ገደማ ነው፤ ልዩነቱ ያን ያህል አያስደነግጥም። በ10ኛው የንጹሕ መኖ ቀን የመጀመሪያዋ ወደ 0.7 ስትወርድ ሁለተኛዋ ገና 1.55 ላይ ናት። በ50ኛው ቀን 0.26 እና 0.74 ይሆናሉ። አንዱ ከሌላው ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ ምክንያቱም ፈጣኑ ክፍል ከሁለቱም ተራግፎ የቀረው ጎተራው ብቻ ነው። «መኖው ከተቀየረ ስንት ቀን ይበቃል?» ለሚል ሰው ሁልጊዜ መልሼ የምጠይቀው «ስንት ቀን በሉት?» ብዬ ነው። ያለዚያ የሚሰጥ የማቆያ ቀን ግምት እንኳ አይባልም።

የመተላለፍ ምጣኔው የዳዮክሲኑ ቋሚ ጠባይ ይመስላቸዋል ብዙዎች። አይደለም፤ የላሟም ጠባይ ነው። በእርስዎ ቁጥሮች ላሳይ። ከገባው 45 በመቶ ከአንጀት ወደ ደም ይመጠጣል እንበል። ከዚያ ሁለት መውጫ አለ፦ ወተት፣ በቀን 1 ኪሎ ቅባት፤ እና ጉበት፣ በቀን የግማሽ ኪሎ ቅባትን ያህል እያጸዳ። የተመጠጠው 4.5 ናኖግራም በ1.5 ኪሎ ሲካፈል 3 ፒኮግራም በግራም ይሰጣል፤ የመተላለፍ ምጣኔውም 30 በመቶ ሆኖ ይወጣል፣ ልክ እርስዎ እንዳሉት። አሁን ሌላው ሳይነካ ላሟ የምትሰጠው ወተት በግማሽ ይቀንስ። የወተት መውጫው ግማሽ ኪሎ፣ የጉበቱም ግማሽ ኪሎ ሆኑ፤ 4.5 በ1 ሲካፈል 4.5 ፒኮግራም። ምጣኔው ግን ወደ 22.5 በመቶ ወርዷል! «መተላለፉ ቀነሰ» የሚል ሪፖርት የሚጠጣው ወተት በአንድ ተኩል እጥፍ በከፋበት ሁኔታ ሊጻፍ ይችላል ማለት ነው። ከጽሑፍ የሚወስዱት ምጣኔ ስንት ኪሎ ወተት ከምትሰጥ ላም እንደተገኘ ካላወቁ ባይወስዱት ይሻላል። እኔ በበኩሌ ለማንኛውም ሥራ ምጣኔውን ትቼ የመምጠጥ መጠኑንና የሁለቱን መውጫዎች ቁጥር ነው የምይዘው፤ ከላም ላም ሲቀየር የቱ እንደሚቀየር አውቃለሁና።

ሌላው የሚረሳው የላሟ ስብ መጠን ራሱ እንደማይቆም ነው። ከወለደች በኋላ ባሉት ሳምንታት የምትበላው ለምትሰጠው ወተት አይበቃትም፤ ስለዚህ የራሷን ስብ ታቀልጣለች። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንደሚባለው፣ እዚህ ስብ ያባውን ወተት ያወጣዋል። መኖው ከሁለት ወር በፊት የተቀየረላት ላም ከወሊድ በኋላ ወተቷ እንደገና ከፍ ብሎ ሲገኝ «የተደበቀ ብክለት አለ» ተብሎ መኖ ቤት ሲፈተሽ ያየሁበት ጊዜ አለ፤ የተደበቀው ላሟ ውስጥ ነበር። ነጥፋ የቆየች ላምማ ለዚያ ጊዜ ሁሉ ዋናው መውጫዋ ተዘግቶባት ስለሚከርም የበላችውን ታጠራቅማለች።

አሁን ወደ ትልቁ ቅሬታዬ። ጥያቄዎ ውስጥ «2 ናኖግራም ዳዮክሲን» የሚል አንድ ቁጥር አለ። ዳዮክሲን የሚባል አንድ ነገር የለም። 75 ዳዮክሲኖችና የቅርብ ዘመዶቻቸው የሆኑ 135 ፉራኖች አሉ፤ ከነሱ በመርዛማነት የሚቆጠሩት በ2፣ 3፣ 7 እና 8 ቦታዎች ላይ ክሎሪን የያዙት 17ቱ ናቸው። ዳዮክሲን መሰል ተብለው የሚታከሉ 12 ፒሲቢዎችም (ክሎሪን የያዙ የኢንዱስትሪ ኬሚካሎች) አሉ። ቲኢኪው እያንዳንዱን በመርዛማነቱ አባዝቶ የደመረ ቁጥር ነው፦ በዓለም ጤና ድርጅት የ2005 (እ.ኤ.አ.) ማባዣዎች ከሁሉ የከፋው፣ አራት ክሎሪን ያለው ቲሲዲዲ በ1 ይባዛል፣ ስምንት ክሎሪን የተሸከመው ኦሲዲዲ በ0.0003። ድምሩ ለሕግ ይመቻል። በላም አንጀት ውስጥ ግን የሚመጠጥ ድምር የለም፤ የሚመጠጠው ሞለኪውል ነው፣ እያንዳንዱም የራሱ መንገድ አለው። ቲሲዲዲ በደንብ ይመጠጣል፣ ጉበትም አይደፍረውም፤ ወደ ወተት የሚያልፈው ከ30 እስከ 40 በመቶ ገደማ ነው። ኦሲዲዲ ግዙፍና እጅግ ቅባት ወዳድ ከመሆኑ የተነሳ የአንጀትን ግድግዳ ማለፍ ያቅተዋል፤ የሚያልፈው ጥቂት በመቶ ነው። ባለ አራት ክሎሪኑ ፉራን ደግሞ ይመጠጣል፣ ግን ላሟ ሰባብራው ወተት ላይ እምብዛም አይታይም። የሱ የቅርብ ዘመድ 2,3,4,7,8-ፔንታክሎሮዲቤንዞፉራን ግን ጉበትን ተቋቁሞ በብዛት ያልፋል።

ስለዚህ በድምር እኩል 2 ናኖግራም የሆኑ ሁለት መኖዎች ፍጹም የተለያየ ወተት ሊሰጡ ይችላሉ። የአንዱ መርዛማነት ከቲሲዲዲና ከመሰሎቹ የመጣ ከሆነ 35 በመቶው አልፎ ወተቱ 3.5 ይሆናል። የሌላው ከከባዶቹና ከሚሰባበረው ፉራን ከሆነና 5 በመቶው ብቻ ካለፈ 0.5 ይሆናል። ሰባት እጥፍ ነው! የጊዜውን ጉዳይ ማንሳቴ ትክክል ቢሆንም፣ የእርስዎን 1.4 ለማስረዳት ይህም ብቻውን በቂ ሊሆን ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው የላቦራቶሪው ዝርዝር ሰንጠረዥ ነው። ላቦራቶሪው ድምሩን ብቻ ልኮልዎ ከሆነ ዝርዝሩን ይጠይቁ፤ ሳይለካ አልደመረውም፣ በእጁ አለ።

ዝርዝሩ ሲደርስዎ ሁለት ወጥመዶችን ይጠንቀቁ። አንደኛው ማባዣው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣቸውን ማባዣዎች በ2005 ከልሷቸዋል፤ ለምሳሌ ያ ጠንካራ ፔንታፉራን ከ0.5 ወደ 0.3 ወርዷል። መኖው በአንዱ፣ ወተቱ በሌላው ከተሰላ፣ የጠፋ የሚመስለው ዳዮክሲን በወረቀት ላይ ነው የጠፋው። ሁለተኛው ከመለኪያው አቅም በታች የሆኑት ናቸው። በአውሮፓ ደንብ ቁጥጥር «አልተገኘም» የተባለው በዜሮ ሳይሆን በመለኪያው ዝቅተኛ ወሰን ተሞልቶ ይደመራል። ለጥንቃቄ ጥሩ ነው፤ ለሞዴል ግን መርዝ ነው። ወተቱ ውስጥ ያልተገኘ ነገር በወሰኑ ቁጥር ሲሞላ ከበላችው በላይ በወተቷ የምታወጣ ላም ያገኛሉ። ከ100 በመቶ በላይ የሆነ የመተላለፍ ምጣኔ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምመለከተው እዚያ ነው። በዜሮም በወሰኑም አስልተው ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ያንን ሞለኪውል ከሞዴሉ ያውጡት።

ይኸው ዝርዝር ወደ ኋላም ይሠራል፤ ከወተት ተነስቶ የመኖውን ምንጭ ለመፈለግ። እ.ኤ.አ. በ1998 በጀርመን ወተት ውስጥ ዳዮክሲን ከፍ ብሎ ሲገኝ ዱካው የመራው ከብራዚል ወደመጣ የብርቱካን ጭማቂ ተረፈ ምርት መኖ ነበር፤ ብክለቱ የመጣው ለማድረቅ ከተጨመረው ኖራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በኔዘርላንድስ በወተት ቁጥጥር የተጀመረው ፍለጋ ወደ ድንች ልጣጭ፣ ከልጣጩም ድንች ለመለየት ወደተጠቀሙበት ሸክላ አፈር አደረሰ። የዚህ ዓይነት ሸክላ አሻራ፣ ማለትም የሞለኪውሎቹ ድርሻ፣ አይሳሳትም፦ ዳዮክሲኖቹ ሞልተው ፉራኖቹ የሉም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1999 በቤልጂየም ከመኖ ስብ ጋር የተቀላቀለው የፒሲቢ ዘይት ደግሞ ተገላቢጦሹ ነበር፤ ፒሲቢውና ፉራኑ ነበሩ የጎሉት። ግን አሻራውን ከወተት ላይ እንዳለ አንብበው ከመኖ ናሙና ጋር አያነጻጽሩ። ላሟ ከባዶቹን በአንጀት አስቀርታ፣ ደካሞቹን በጉበት ፈጅታ አሻራውን ቀይራዋለች። እያንዳንዱን ቁጥር በራሱ የመተላለፍ ምጣኔ አካፍለው ወደ መኖ ከመለሱት በኋላ ነው ንጽጽሩ ትርጉም የሚኖረው።

ስለ ዶሮ አልጠየቁኝም፤ ግን ያው መኖ አቀናባሪ ለዶሮም የሚያቀርብ ከሆነ ይህን ስሌት ይመልከቱ። እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 115 ግራም ትበላለች። መኖው ልክ በተፈቀደው ጣሪያ ላይ፣ በኪሎ 0.75 ናኖግራም ቢሆን 86 ፒኮግራም ይገባታል። ግማሹ ወደ እንቁላል ይለፍ፤ ለጠንካሮቹ የተጋነነ አይደለም። በቀን በአማካይ 5 ግራም ቅባት በአስኳል ከወጣ እንቁላሉ በግራም ቅባት 8.6 ፒኮግራም ይሆናል። ለእንቁላል የተፈቀደው 2.5 ነው። መኖው ሕጋዊ፣ እንቁላሉ ሕገ ወጥ! በቁጥጥር ሥራ ላይ ያለ ሰው «መኖው አልፏል» የሚል ወረቀት ይዞ መተኛት የሌለበት ለዚህ ነው። ውጭ የምትጭር ዶሮ ላይ ደግሞ አፈሩም መኖ ነው፦ በኪሎ 4 ናኖግራም የያዘ አፈር በቀን 10 ግራም ብትውጥ 40 ፒኮግራም ይጨመርባታል። ከአፈርና ከአመድ የሚመጠጠው ከዘይት ከሚመጠጠው ያንሳል፣ ግን ዜሮ አይደለም። ናሙና ሲወስዱም አስኳል በዋናነት የሚያድገው በ10 ቀን ገደማ ውስጥ መሆኑን አይርሱ፤ መኖ በተቀየረ በ3ኛው ቀን የተጣለ እንቁላል ስለ አዲሱ መኖ የሚናገረው ጥቂት ነው።

ለሚያድጉ ከብቶች፣ አሳማዎችና የሥጋ ዶሮዎች የወተትና የእንቁላል መውጫ ስለሌለ እድገቱ ራሱ ወደ ሞዴሉ ይገባል፤ የስብ መጠኑ እጥፍ ሲሆን ክምችቱ ባይወጣም በግራም ያለው በግማሽ ይወርዳል።

ትልቁን ሞዴል፣ ጉበቱን፣ ጡንቻውን፣ የደም ፍሰቱን ሁሉ የያዘውን ልሥራ ወይ ላሉት፦ አሁን አይሥሩ። እንዲህ ያለ ሞዴል ጥቅም የሚሰጠው ጉበት ውስጥ ያለውን ለማወቅ ሲፈልጉ (ጉበት ዳዮክሲንን ከስቡ መጠን በላይ ይዞ ያስቀራል)፣ ወይም ከተለካበት ሁኔታ በጣም ርቀው መተንበይ ሲኖርብዎት ነው። በአንድ የወተት ናሙና አሥር ያልታወቁ ቁጥሮችን ማግኘት አይቻልም፤ ሞዴሉ ይገጥማል፣ ግን በምን ምክንያት እንደገጠመ አያውቁም። እኔም በጀማሪነቴ ስድስት ነጥብ ላይ ስምንት ቁጥር አስገጥሜ መስመሩ ሲያምር በኩራት አቅርቤ ነበር። ከአዳራሹ የመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ሁለቱን ቁጥሮች ቢያወጧቸው መስመሩ ይለወጣል?» የሚል ነበር። አልተለወጠም።

ባለ ሁለት ክፍሉ ይበቃዎታል፣ ግን ለየሞለኪውሉ ለየብቻ፤ ድምሩን መጨረሻ ላይ ይደምሩ። መኖው ከቆመ በኋላ በ3ኛው፣ በ10ኛው፣ በ25ኛውና በ60ኛው ቀን ናሙና ይውሰዱ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ፈጣኑን ክፍል፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ስቡን ያሳዩዎታል። ከጋራ ታንከሩ ብቻ ሳይሆን ቢያንስ ከሦስት ላሞች ለየብቻ ይሁን፦ በቅርብ ከወለደች፣ በመካከል ካለችና ወደ መንጠፍ ከቀረበች። የእያንዳንዷን የዕለት ወተትና የቅባት በመቶኛ ናሙናው በተወሰደበት ቀን ይመዝግቡ፤ ያለዚያ ከላይ ያሳየሁት የ3 እና የ4.5 ልዩነት ከየት እንደመጣ መልስ አይኖርዎትም። ድርቆሹንም አንድ ጊዜ ያስለኩ። ከሌሎቹ መኖዎች በቀን 1.5 ናኖግራም እንኳ የሚገባ ከሆነ ያው ሒሳብ ወተቱ ላይ 0.45 ፒኮግራም ይጨምራል፣ ንጹሕ የተባለው መኖም ከዚያ በታች አያወርደውም።